ማሰርና መፍታት፦ መሐላ፣ ግዝትና ወሬ በ1909 ዓ.ም. ሐረር

በኢትዮጵያ የመንግሥት ታሪክ ውስጥ ሥልጣንን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማስተላለፍም ሆነ የተላለፈውን ለማስጠበቅ ሁለት የቃል ሥርዓቶች ከጦር ሠራዊት ባልተናነሰ ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ አንደኛው መሐላ፣ ሁለተኛው ግዝት ነው። መሐላ ሁለት ወገኖች የአምላክን ስም፣ መስቀልን፣ ወንጌልን ወይም ቁርኣንን ምስክር አድርገው የሚገቡት ቃል ሲሆን፣ ቃሉን ያጠፈ ሰው ከዳኛ ከሚቀበለው ቅጣት ይልቅ በነፍሱና በዘሩ ላይ ይወርዳል የሚባለው መዓት ይበልጥ ይፈራ ነበር። ግዝት ደግሞ ክህነት ያለው ሰው፣ በተለይም ጳጳሱ፣ በምድር ያሰረው በሰማይ የታሰረ፣ በምድር የፈታውም በሰማይ የተፈታ እንደሚሆን ከሚናገረው የወንጌል ቃል ተነሥቶ፣ አንድን ድርጊት የሚከለክልበትና ክልከላውን የጣሰውን ከምእመናን ኅብረት የሚለይበት ውግዘት ነው። የተገዘተ ሰው ከቁርባን ይከለከላል፣ ከማዕድ ይገለላል፣ ሲሞትም ፍትሐት ይነፈገዋል። በመሆኑም ግዝት ወታደርና ወህኒ ቤት የማይደርሱበት ስፍራ ሁሉ የሚደርስ ማስፈራሪያ ነበር።

የሥርዓቱ ዕድሜ ከክርስትናም ይቀድማል። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ድሉን ያስቀረጸባቸው ድንጋዮች የሚያበቁት፣ ያቆመውን ዙፋን የሚነቅል ቢኖር እሱም ዘሩም ከምድር እንዲነቀሉ በሚራገም ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ለአድባራትና ለገዳማት ርስትና ጉልት ሲሰጡ በወርቅ ወንጌሎች ኅዳግ ላይ ያስጻፏቸው የስጦታ ሰነዶችም፣ ስጦታውን የሚያፈርሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብለው ይደመድማሉ። በሐረር የእስልምና ሊቃውንት ዘንድም ተመሳሳይ ልማድ አለ። መጽሐፍን፣ ቤትን ወይም መሬትን ለመስጊድና ለተማሪዎች ለዘለዓለም የመስጠት ሥርዓት ወቅፍ ይባላል፤ የወቅፍ ጽሑፎችም የተሰጠው ነገር እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ከልክለው፣ የለወጠውን ሰው ለፈጣሪ ፍርድ አሳልፈው ይሰጣሉ። ሁለቱ ሃይማኖቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ የተነገረ ቃል ከተናጋሪው ዕድሜ አልፎ ሰውን ሊያስር እንደሚችል አምነው በማደራቸው ግን አይለያዩም።

ይህ እምነት ከባድ ፈተና ያጋጠመው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በሕመም በተያዙበት ጊዜ ነው። ወንድ ልጅ ያልነበራቸው ንጉሠ ነገሥት በ1901 እና በ1902 ዓ.ም. የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋን ልጅ፣ በዚያን ጊዜ ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩትን ልጅ ኢያሱን፣ ወራሻቸው አድርገው አሳወቁ፤ ራስ ተሰማ ናደውንም ራስ ቢትወደድ ብለው ሞግዚትና እንደራሴ አደረጉላቸው። ኢያሱ የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ሚካኤል ራሳቸው አስቀድመው መሐመድ አሊ የሚባሉ የሙስሊም ባላባት ሲሆኑ፣ ክርስትና የተነሡት በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ነው። አፄ ምኒልክ የሸዋ መኳንንት ይህን የልጅ ልጃቸውን ያለ ማንገራገር እንደማይቀበሉ ሳያውቁ አልቀሩም። ስለዚህም አዋጁን በእርግማን አጠሩት፤ ኢያሱን የከዳ ሰው ጥቁር ውሻ እንዲወልድ የሚራገመው ቃል በሕዝቡ አፍ ከአዋጁ አካል ይልቅ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። መኳንንቱ ማሉ፤ ከግብጽ መጥተው የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ይመሩ የነበሩት ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም መሐላውን በግዝት አሰሩት።

የዚህ አሠራር ጥንካሬም ድካምም ያለው እዚያው ላይ ነው። ጳጳሱ ያሰሩትን ሌላ ሰው ሊፈታው አይችልም። መኳንንቱ ሁሉ ቢስማሙ፣ ጦሩ ሁሉ ቢከተላቸው እንኳ፣ የአቡነ ማቴዎስ አንደበት እስካልተጨመረበት ድረስ እያንዳንዱ ዐመፀኛ በገዛ ኅሊናው የተረገመ ሆኖ ይሰለፋል። ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ አፄ ምኒልክም በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉና ሞታቸው ለሕዝብ ሳይገለጥ ሲቀር፣ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ሀገር መግዛት ቻሉ። ሥልጣናቸው የቆመው በአያታቸው ቃልና ቃሉን ባሰረው ግዝት ላይ ነበር ማለት ይቻላል። አባታቸው በግንቦት 1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ደሴ ላይ ዘውድ ሲጭኑ የሸዋ መኳንንት ቅሬታ ቢብስም፣ መሐላው ገና አልተፈታም ነበርና በግልጥ የተነሣ አልነበረም።

ለመሐላው መፈታት ምክንያት የሆነው ወሬ የተነሣው ከሐረር ነው፤ ይህም እንዲያው የሆነ አይደለም። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግንብ ያጠሯት፣ ጁገል የምትባለው አሮጌ ከተማ የራሷ አሚሮች፣ የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ ቋንቋና የራሷ የቃዲ ፍርድ ቤት የነበሯት የእስልምና ትምህርት ማዕከል ናት። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ግብጾች ገዟት፤ ከዚያ ወዲያ የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ከገዙ በኋላ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ድል ተነሡና ከተማዋ በራስ መኰንን አገረ ገዥነት ሥር ሆነች። ከዚህ በኋላ ዛሬ አቦከር፣ አሚር ኑር፣ ሸንኮር እየተባሉ በሚጠሩት ወረዳዎች ክልል ሁለት ኅብረተሰቦች ጎን ለጎን መኖር ጀመሩ። በአንድ ወገን በአው አባድርና በሌሎች አባቶች ጥላ ሥር ነን የሚሉት፣ አዋች በሚባሉት የቅዱሳን መቃብሮች ዙሪያ ዱዓ የሚያደርጉትና ዚክሪ የሚሉት የከተማዋ ተወላጆች ነበሩ፤ ዚክሪ ፈጣሪንና ነቢዩን የሚያወሳ፣ በከበሮና በእንጨት ማጨብጨቢያ የሚታጀብ የሌሊት ዜማ ነው። በሌላው ወገን ከሸዋ የወረዱ ወታደሮች፣ ካህናትና ሹማምንት ሰፈሩ፤ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንም ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ላይ ታነጸ። በግንቡ ዙሪያ ደግሞ የኦሮሞ ገበሬዎች፣ ከቆላው የሚወጡ የሶማሌ ነጋዴዎች፣ የአርጎባ፣ የዐረብ፣ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ሰዎች ነበሩ። በዚህች ከተማ አንድ ገዥ የሚናገረው ቃልና የሚያደርገው ድርጊት በአንድ ጊዜ ቢያንስ በሁለት ጉባኤ ፊት ይመዘን ነበር።

ሐረር የራስ መኰንን ልጅ የደጃዝማች ተፈሪም ርስት ያህል ነበረች። ተፈሪ ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ አውራጃውን ሲገዙ፣ በእሳቸውና በኢያሱ መካከል በአቡነ ማቴዎስ ፊት የተደረገ ሌላ መሐላ እንደ ነበረ ራሳቸው በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ያስረዳሉ፤ ኢያሱ ተፈሪን ከሐረር ላይሽሯቸው፣ ተፈሪም የኢያሱን ዙፋን ላይሹ ተማማሉ። ተፈሪ የኢያሱን የእህት ልጅ ወይዘሮ መነንን በማግባታቸው ዝምድናው ተጨምሮበት ነገሩ ለጊዜው ጸና። በ1908 ዓ.ም. ግን ኢያሱ ተፈሪን ወደ አዲስ አበባ ጠሩና እሳቸውን እዚያው ትተው ወደ ሐረር ወረዱ፤ በነሐሴ ወርም ከሐረር ሽረው የከፋን ግዛት ሰጧቸው። የዚህ ሹም ሽር ፖለቲካዊ ትርጉም ብዙ ተጽፎበታል። በቃል ሥርዓቱ ሲታይ ግን ውጤቱ ግልጥ ነው፤ መሐላውን በመጀመሪያ ያፈረሱት ኢያሱ ሆነው ተገኙ፣ ተፈሪም ቃላቸውን ሳያጥፉ ከቃላቸው ነጻ ወጡ። ወጣቱ አልጋ ወራሽ በጦርም በገንዘብም የማይተካ መከላከያቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፈረስ ስማቸው አባ ጤና የሚባሉት ኢያሱ በሐረር፣ በድሬዳዋና በጅጅጋ ያደረጉት ምን ነበር? የሚታመነው ይህ ነው፦ የሶማሌ፣ የአፋርና የሐረሪ ታላላቆችን አቀረቡ፣ ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ሚስቶች አገቡ፣ በአካባቢው ልብስ ለብሰው ታዩ፣ ለመስጊድ ሥራ ረዱ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን የንግድ መልእክተኛ ሆነው እስከ አሜሪካ የሄዱትን የሐረሩን ሐጂ አብዱላሂ ሳዲቅን በኦጋዴን ላይ ሾሙ። የከተማዋ ሰው ይህን ሲያይ፣ ከጨለንቆ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዥው እንደ ሰው እንደ ቆጠረው ሊሰማው ይችላል፤ የሶማሌው የጎሳ አለቃም ግብር ከሚጥልበት ወታደር ሌላ የመንግሥት መልክ እንዳለ ያያል። የኢያሱ አሳብ በወረራ የተያዘውን ሕዝብ በዝምድናና በሹመት የግዛቱ ባለቤት ማድረግ ነበር ብለው የሚያስረዱ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። አሳቡ አርቆ የሚያይ ሊሆን ቢችልም፣ የሚያብራራው ሹም፣ የሚያጸናው ደብዳቤ፣ የሚጠብቀው ወዳጅ በመዲናዋ አልነበረውም። የኢያሱ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። ብዙ አደረጉ፣ ስላደረጉት ግን አልተናገሩም፤ በዝምታቸው ቦታ ሌሎች ተናገሩላቸው።

በዚያን ጊዜ ነጻ ጋዜጣ በሌለበት ሀገር ወሬ የሚሄድባቸው የራሱ መንገዶች ነበሩት። ነገሥታቱ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ ከብት ጠባቂው በሜዳ ያወረደው ግጥም የማንም ስላልሆነ ማንም አይቀጣበትም፣ እውነት ነው ተብሎም ይታመናል። አዝማሪው በቅኔ የሸፈነውን ሰሚው ራሱ ይፈታዋል። ከእነዚህ ጥንታዊ መንገዶች ሌላ በ1909 ዓ.ም. ዋዜማ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ የስልክ መስመር ነበረ፣ ድሬዳዋ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ የምድር ባቡር ደርሷታል፣ ነጋዴውና ሚስዮናዊውም ደብዳቤ ይጽፋል። ስለዚህ ሐረር ላይ የተደረገው ነገር በጥቂት ቀን ቤተ መንግሥት ይደርሳል፤ የሚደርሰው ግን አድራጎቱ ራሱ ሳይሆን በየአፉ ሲያልፍ የተጨመረበትን ሁሉ ተሸክሞ ነው። ሐረር ላይ ለሙስሊም ሽማግሌ አክብሮት የነበረው፣ አዋሽን ሲሻገር ወዳጅነት፣ እንጦጦ ሲደርስ ክህደት ይሆናል።

ወሬው በኢትዮጵያውያን አፍ ብቻ አልተወሰነም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ ነበርና እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያሉት ግዛቶቻቸው በኦቶማን ቱርክ ቅስቀሳ እንዳይናወጡ ይሠጉ ነበር። የኦቶማን መንግሥት በ1904 ዓ.ም. ሐረር ላይ ቆንስላ ከፍቶ ነበር፤ መዝሃር ቤይ የተባለው ዲፕሎማትም ከኢያሱ ጋር ቅርበት ነበረው። በእንግሊዝ ሶማሌ ምድር ሰይድ መሐመድ አብዱሌ ሐሰን ለዓመታት ከእንግሊዝ ጋር ይዋጉ ስለነበር፣ ከሐረር በኩል የጦር መሣሪያ ይደርሳቸዋል የሚለው ዜና በለንደንና በሮም ከባድ ሥጋት ፈጠረ። የእንግሊዙ ሚኒስትር ዊልፍሬድ ቴሲጀርና የሁለቱ ጓደኛ መንግሥታት መልእክተኞች በ1909 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ ለኢትዮጵያ መንግሥት የጋራ ማስታወሻ አቅርበው ስለ ኢያሱ አድራጎት መልስ ጠየቁ። ማስታወሻው ለመኳንንቱ ሁለት ነገር አደረገላቸው፤ በጓዳ ይንሾካሾኩበት የነበረውን ወሬ የመንግሥታት ጉዳይ አደረገው፣ እነሱም ኢያሱን ቢያወርዱ ከውጭ እንደማይነኩ አመለከታቸው።

የክሱ ዝርዝር በኋላ ከተጻፉት የዜና መዋዕልና የማስታወሻ መጻሕፍት ይታወቃል። ኢያሱ መስጊድ ገብተው ሰግደዋል፣ ብዙ ሚስት አግብተዋል፣ ዘራቸውን ከነቢዩ መሐመድ የሚያወርድ የትውልድ ሐረግ አስጽፈዋል፣ ጨረቃና የእስልምና የእምነት ቃል ያለበትን የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ለሶማሌዎች ሰጥተዋል ተባለ። ከክሶቹ መካከል አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የጋብቻው ጉዳይ፣ እውነት ናቸው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሴት ማስቀመጥ በክርስቲያን መኳንንት ዘንድም ያልታየ ነገር አልነበረምና በሌላ ጊዜ ቢሆን ማንንም ከዙፋን ባላወረደ። የትውልድ ሐረጉና የሰንደቅ ዓላማው ክስ የሚታወቀው በአብዛኛው በከሳሾች ቃል ነው። ኢያሱ ክርስትናቸውን ለውጠው በይፋ መስለማቸውን የሚያረጋግጥ የማያከራክር ማስረጃ እስከ ዛሬ አልቀረበም፤ ዘመናውያን የታሪክ ጸሐፊዎችም አብዛኞቹ ይህን ይቀበላሉ። ይሁንና በመስከረም 1909 ዓ.ም. የተፈለገው በፍርድ ቤት የሚጸና ማስረጃ አልነበረም። የተፈለገው ጳጳሱን የሚያናግር ነገር ነበር፤ ከክሶች ሁሉ ደግሞ የጳጳስን አንደበት በግድ የሚከፍተው የሃይማኖት ክህደት ክስ ብቻ ነው። ስንፍና፣ ጭካኔ፣ የመንግሥት ሥራን ችላ ማለት ግዝትን አይፈቱም። ከሃዲ ግን ሊጠበቅለት የሚገባ መሐላ የለውም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ዕለት ነው። መኳንንቱ፣ መሳፍንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው የክሱ ጽሑፍ ተነበበ፤ ከዚያ በኋላ ዐይን ሁሉ ወደ አቡነ ማቴዎስ ዞረ። ጳጳሱ ወዲያው እሺ አላሉም። ከሰባት ዓመት በፊት በገዛ አፋቸው ያሰሩትን፣ እሳቸው ያላዩትን ነገር ሰምተው ለመፍታት ማመንታታቸውን ምንጮች ያመለክታሉ። በአንዳንድ ትረካዎች ይህ ማመንታት ድክመት ወይም ወላዋይነት ተደርጎ ቀርቧል። ነገሩ በሌላ በኩል ሲታይ ግን በዚያ ጉባኤ ውስጥ የግዝትን ክብደት ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ቃሉ እንደ ፈለጉት የሚታሰርና የሚፈታ ከሆነ ነገ ማንም እንደማያምነው ሳይረዱ አልቀሩም። የገዳማቱ አለቃ እጨጌ ወልደ ጊዮርጊስም በጉባኤው ነበሩ። በመጨረሻ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ፣ ኢያሱንም አወገዙ፤ የአፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኰንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። በአንድ ዐዋጅ ሁለት ሥራ ተሠራ፦ ትናንት ኢያሱን መክዳት ያስወግዝ ነበር፣ ዛሬ ግን ኢያሱን መከተል የሚያስወግዝ ሆነ።

ኢያሱ ይህ ሲሆን ሐረር ነበሩ። ዜናው በደረሰ ጊዜ የከተማዋ ሰው በአንድ ሌሊት በሁለት ተከፈለ፤ ለክርስቲያኑ ወታደር የትናንቱ ጌታው የተወገዘ ሰው ሆኗል፣ ለእስልምና ተከታዩ ግን ወዳጁ በሱ ምክንያት ተከሷል። ኢያሱ በምሥራቅ የነበረውን ኃይል አሰባስበው ወደ መዲናዋ ለመገሥገሥ ቢሞክሩም፣ ሚኤሶ አካባቢ የገጠማቸውን ጦር ሊያልፉት አልቻሉምና ወደ አፋር በረሃ ሸሹ። የተሰናከሉበት አንዱ ምክንያት የተከታዮቻቸው መክዳት ነው። የአቡኑ ቃል ባይታከልበት ኖሮ እነዚያ ወታደሮች ለደመወዛቸውና ለጌታቸው ሲሉ ይዋጉ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል።

ስለ መስከረም 17 ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከዚያ ቀጥለው ባሉት ቀናት ሐረር ላይ የሆነው ነው። ኢያሱን ያወረደው ቃል የተናገረው ስለ አንድ ሰው ሃይማኖት ነበር፤ ሐረር ሲደርስ ግን የሚያርፍበት አንድ ሰው አልነበረም። ኢያሱ አምልጠዋል፣ የታጠቀው ወታደር ደግሞ እዚያው አለ፣ የኢያሱ ወዳጅ የተባለው ሕዝብም እዚያው አለ። በከተማዋ የነበሩ ሶማሌዎች በወታደሮች ተገደሉ፤ ከእነሱም መካከል ለገበያ ከመውጣት በቀር ከቤተ መንግሥት ጉዳይ ጋር ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች እንደሚገኙበት ለመገመት አያስቸግርም። አዲስ አበባ ላይ ክሱን ያነበበው ሰው ይህን አዝዟል የሚል ማስረጃ የለም፤ ማዘዝም አላስፈለገውም። በዘመኑ አነጋገር «የእስላም ወዳጅ» የሚለው ስድብ ሆኖ በቤተ መንግሥት አደባባይ ሲነገር፣ ሙስሊሙ ራሱ ምን እንደሚሆን ሰሚው በራሱ ጨረሰው። የታሪክ መጻሕፍት በቀጣዩ ወር ለተደረገው የሰገሌ ጦርነት ምዕራፍ ሲሰጡ ለሐረሩ ግድያ አንድ ዐረፍተ ነገር የሚሰጡት፣ ያለቁት ሰዎች የጦር አዝማች ስላልነበራቸው ይሆናል።

በሰሜን በኩል ደግሞ ቃል በሌላ መልክ ሥራውን ይሠራ ነበር። ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው መሻሩን ሰምተው ብዙ ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ተነሡ፤ ራስ ልዑልሰገድ የመሩትንም የሸዋ ጦር ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ ደመሰሱት። በዚያ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ቢገሠግሡ ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር መናገር ቀላል ነው። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን በመልእክት ልውውጥ ልባቸው ከንጉሡ ጋር እንዳለ አስመስለው ሚካኤልን እንዳዘገዩ፣ በዚያም ጊዜ የሸዋ ጦር ተሟልቶ እንደ ደረሰ ይተረካል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ በሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ሚካኤል ተማረኩ። የፊታውራሪው መልእክት ማታለያ መሆኑን ማንም አላወገዘም፤ ለጠላት የተላከ የውሸት ቃል የብልሃት ምልክት ሆኖ ተመሰገነ። መሐላን እንዲህ ያከበረ ኅብረተሰብ ያልማለበትን ቃል እንዴት እንደሚመለከት ይህ ያሳያል፤ በመሐላ ያልታሰረ ቃል የተናጋሪው ንብረት ነበርና እንደ ፈለገ ያዘዋል።

ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ጫኑ። ኢያሱ በአፋርና በሰሜን ሲንከራተቱ ኖረው በ1913 ዓ.ም. ተያዙና ፍቼ ላይ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ታሰሩ። በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደገና ሲያዙ የተላኩት ወደ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ተራራ ነው፤ ለውድቀታቸው ምክንያት ከሆነችው ከተማ ብዙም ሳይርቁ ማለት ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ወረራ በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ እዚያው ሞቱ። ንጉሠ ነገሥት ተብለው ስላልተቀቡ እስከ መጨረሻው «ልጅ» ተብለው ቀሩ፤ ለዐሥርት ዓመታትም ስማቸው በትምህርት መጻሕፍት የሚነሣው ለማውገዝ ብቻ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ በ1965 ዓ.ም. ሲታተም ክሱን በከሳሹ ቃል አጸናው። በኢያሱ ዘመን የጅጅጋ ገዥ የነበሩት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ፣ የአለቃ ገብረ እግዚአብሔር ኤልያስ ዜና መዋዕልና የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታ ከታተሙ በኋላ ግን አንባቢው ሦስትና አራት አንደበት ማወዳደር ቻለ። በውጭም ኤሎአ ፊኬና ቮልበርት ስሚት ያሰናዱት በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናት መድበል ኢያሱን ከክሱ ጽሑፍ ውጭ ለማየት ሞክሯል። ክሱ አንድ ቀን ተነብቦ የተፈጸመውን ለመመርመር ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ማስፈለጉ የሚያስገርም ነው።

ግዝት ግን በ1909 ዓ.ም. አልተቀበረም። ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በኢጣሊያኖች ከመረሸናቸው በፊት ለወራሪው ሕዝቡም ምድሪቱም እንዳይገዙ ገዘቱ። ጳጳሱ ኢትዮጵያዊ ናቸው፣ ግዝታቸውን የጠየቃቸው መኰንን የለም፣ ቃላቸውንም በገዛ ሞታቸው አተሙት። አቡነ ማቴዎስ በመኳንንት መካከል ቆመው በግፊት የተናገሩት ቃል ለአንድ ወገን ዙፋን ሰጠ፤ አቡነ ጴጥሮስ በጠመንጃ ፊት የተናገሩት ግን በየበረሃው ላለው አርበኛ፣ እጁን ያልሰጠው ሽፍታ ሆኖ ሳይሆን ታዝዞ እንደ ሆነ አረጋገጠለት። ሁለቱም የተጠቀሙት አንዱን ሥልጣን ነው።

ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በተራቸው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ሥርዓቱ ተለውጦ ነበር። ሹማምንቱና የጦር መኰንኖቹ ሁሉ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ለመሆን የማሉ ነበሩ፤ ሻለቃ ደበላ ዲንሳ የመሻሪያውን ዐዋጅ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያነቡ ግን መሐላውን የፈታ ጳጳስ አልነበረም፣ እንዲፈታ የጠየቀም የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጁን ሰምተው በፖሊስ ቮልስዋገን ተወሰዱ።